ስልክ ወደ መቁጠሪያው ክፍል አይገባም

የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት፣ ከወረዳ የመጣው ሰው አንድ ቅጽ ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና «በሥራ ዘመንዎ ምን ሠራሁ ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለመልሱ የተተወው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

«ክኒን ቆጥሬያለሁ» አልኩት።

ሳቀና «መድኃኒት በማደል በቅንነት አገልግለዋል» ብሎ ጻፈልኝ። ውሸት አልጻፈም። እኔም አልዋሸሁም። ግን እዚያች መስመር ውስጥ ያልገባ ብዙ ነገር አለ፤ አሁን ደግሞ ጊዜ አለኝ።

ስሜ አስካለ ነው። ሥራ የጀመርኩት ራቤል፣ መንዝ ግሼ ላይ ነው። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ትምህርቴን ጨርሼ፣ አንድ ሻንጣና ከበግ ጠጉር የተሠራ አንድ ባና ይዤ፣ ከፊሉን መንገድ በጭነት መኪና፣ ከፊሉን በበቅሎ ሄድኩ። ስደርስ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው የምደባ ደብዳቤዬን ከኪሴ ማውጣት አቃተኝ። ደብዳቤውን ያወጡልኝ የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ደምሴ ናቸው። ወረቀቱን አላዩትም። እጄን ነው ያዩት።

«በዚህ እጅ ዛሬ አትቆጥሪም» አሉኝ። «ነገም እስኪሞቅ ድረስ አትቆጥሪም። የደነዘዘ ጣት ሁለቱን ክኒን አንድ ይለዋል።»

ጋሼ ደምሴ በየማለዳው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ትንሽ ይቆማሉ። ሰልፉ ቢረዝምም ይቆማሉ። ከዚያ ማዘዣውን ተቀብለው ድምፅ አውጥተው ያነቡታል። መድኃኒቱን ከመደርደሪያው ሲያወርዱ አንዴ፣ ሳህኑ ላይ ሲቆጥሩ አንዴ፣ ለሰውየው ሲሰጡ አንዴ። ከእጃቸው የወጣ ክኒን ሁሉ ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቷል።

ክኒኑን የሚቆጥሩት በአምስት አምስት ነው፤ በጠፍጣፋዋ የመቁጠሪያ ቢላ ገፋ፣ ገፋ እያደረጉ። መሃል ላይ ሰው ሰላም ካላቸው አይመልሱም። አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ። ሰውየው ሁለተኛ ከተናገረ ደግሞ የቆጠሩትን በሙሉ ወደ ቆርቆሮው ገልብጠው ከአንድ ይጀምራሉ። አንድ ቀን የአውራጃ ትልቅ ሰው፣ አጃቢ አስከትሎ ገባና «እንዴት ዋላችሁ?» አለ። ጋሼ ደምሴ ጣታቸውን አነሱ። ሰውየው ፊቱ ቀላ፤ «ሰላምታ ነው እኮ ያቀረብኩት!» አለ። ጋሼ ደምሴ ክኒኑን ገለበጡ። ከአንድ ጀምረው ቆጥረው ጨርሰው፣ ፖስታውን አሽገው፣ ትጠብቅ ለነበረች ባልቴት ሰጥተው፣ አወሳሰዱን አስደግመው፣ ከሸኟት በኋላ ቆመው እጅ ነሱ። «እግዚአብሔር ይመስገን ጌታዬ፣ እንዴት ዋሉ?» አሉት። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ በሳቅ ልፈነዳ ነበር። እሳቸው ግን አልቀለዱም።

ፊደል ላልቆጠረ ሰው ፖስታው ላይ የሚሳለውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ከጋራ ብቅ የምትል ግማሽ ፀሐይ ጠዋት ነው፤ ሙሉ ፀሐይ ቀትር፤ ጨረቃ ማታ። በሥዕሉ ሥር የክኒኑን ብዛት በነጥብ ይነጥባሉ። «ይህችን ሥዕል ሰው ያምናታል፤ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ያምናታል፤ ምክንያቱም ቤቱ ይዟት ይሄዳል» ይሉኝ ነበር።

ከራቤል በኋላ ወደ መርሐቤቴ ተዛወርኩ። ደጋውን ለለመደ ሰው ቆላው ሌላ ዓለም ነው፤ ከግሼ ብርድ ወርጄ፣ ክኒኑ ከሙቀት የተነሳ እርስ በርሱ የሚጣበቅበት አገር ገባሁ። ባናዬን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። እዚያ አገባሁ፣ ልጄን ሰናይትን ወለድኩ፣ ባሌንም እዚያው ቀበርኩ። ስለ ደሞዝ ብዙ የምለው የለኝም፤ ትንሽ ነበር፣ ልጄን ግን አሳደገልኝ። ሰናይት ትምህርት ቤት ስትገባ ወደ መንዝ ልመለስ ብዬ አመለከትኩ፤ ተፈቀደልኝ።

የተመደብኩባትን ከተማ ስም አልጠቅስም። ከዘመሮ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ናት ብል ይበቃል። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ስሟ ከእሱ ጋር እንዲነሳ አልፈልግም።

ወደዚያ ስሄድ ሞባይል ገና መግባቱ ነበር። መጀመሪያ ላይ ኔትወርኩ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። ደውሎ መነጋገር የፈለገ ሰው ኮረብታውን ይወጣል፣ እያለከለከ «ሃሎ» ይላል፣ ጨርሶ ይወርዳል። ያን ጊዜ ስልክ ሥራ አላስፈታንም። ኋላ የኔትወርኩ ምሰሶ ከተማዋ ጫፍ ላይ ሲተከል ግን ስልኩ ከኮረብታው ወርዶ ቀሚሳችን ኪስ ውስጥ ገባ። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ይጮሃል፣ መርፌ ክፍሉ ውስጥ ይጮሃል። ተው ያለ የለም። እኔም አላልኩም፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድሜ የገዛሁት እኔ ነበርኩ፤ ሰናይት ደብረ ብርሃን ትማር ስለነበር ድምፅዋን ሳልሰማ አልውልም።

የፍልሰታ ጾም ነበር። መሪጌታ ክብረት የስኳር ክኒናቸውን ሊወስዱ መጡ። የዜማ መምህር ናቸው፤ ከተማው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ጽሕፈት ማንበብ ትተዋል፤ ሥዕል ነበር የምሥልላቸው። ማዘዣው ግልጽ ነው፦ በቀን አንድ ክኒን፣ አንዴ ብቻ፣ ከምግብ ጋር። እሳቸው ደግሞ በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምሱ፣ ክኒናቸውን የሚውጡት ከዘጠኝ በኋላ ነው።

ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ፖስታውን አንስቼ ልሥል ስል ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ናት። ስልኩን ጆሮዬና ትከሻዬ መሃል ሸጎጥኩና እጄን ለሥራ ተውኩት።

«እማዬ! አለፍኩ! ዩኒቨርሲቲ ገባሁ!»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እልል ብያለሁ መሰለኝ፤ ሰልፉ ላይ ያሉትም ሰምተው እልል አሉልኝ። የኔታ «እሰይ! ምን ተገኘ?» አሉ። «ልጄ አለፈች!» አልኳቸው። «አምላከ እስራኤል ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ» ብለው መረቁኝ፤ ፖስታውንም ከእጄ ተቀብለው ሄዱ። አላስደገምኳቸውም። በሕይወቴ እንደዚያች ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው መጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወድቀዋል። ላብ በላብ ሆነዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሰው አይለዩም። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ሲሳይ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ነበር፤ ቀልጣፋ ነው። ጣታቸውን ወግቶ ደማቸውን ለካና «ስኳራቸው ወርዷል! ግሉኮስ አምጡ!» ብሎ ጮኸ። ደም ሥራቸው ተፈልጎ ተገኝቶ ግሉኮሱ ተሰቀለ። እኔ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደወሰዱ ለማየት ጋቢያቸው ውስጥ ዳሰስኩ። ፖስታው ወጣ።

ግማሽ ፀሐይ። ሙሉ ፀሐይ። ጨረቃ። እያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ ነጥብ። የእኔ እጅ ነው የሣለው። እጄ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደውን የተለመደ ሥዕል ሥሎ፣ እኔ በልጄ ድምፅ ተውጬ አላየሁትም። የኔታ ደግሞ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ብለው፣ ሥዕሉንም አምነው፣ ሐኪሙ የጨመረላቸው መስሏቸው፣ ንጋት ላይ በባዶ ሆዳቸው ይውጡ ነበር።

ዓይናቸውን ሲገልጡ መሽቶ ነበር፤ ሕይወታቸው ተረፈች። ቀኝ ክንዳቸው ግን ደረጃው ላይ ሲወድቁ ተሰብሮ ነበር። ሐኪምም ወጌሻም አየው፤ ገጠመ፣ ግን ጠሞ ገጠመ። የኔታ ከዚያ ወዲያ ከበሮ አንግተው አልመቱም። ይህን የጻፍኩት በቀላሉ አይደለም።

የኔታ የወደቁ ዕለት ሲሳይ ወደ ጓዳ ጠራኝ። ፖስታውን በእጄ እንደያዝኩ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ማንም አላየውም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽማግሌ ናቸው። ተሳስተው ደጋግመው ውጠውት ይሆናል ብንል ማን ይጠይቀናል? የጤና ጣቢያውም ስም አለ።»

ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። ውሃ የምናፈላበት ምድጃ እዚያው አጠገቤ ይነድዳል፤ ፖስታው ደግሞ ወረቀት ነው። እጄ አንዴ ወደ እሳቱ አልሄደም ብል ዋሸሁ።

«ይህን ካቃጠልኩ ነገ ሌላ ፖስታ ላይ በምን እጄ እሥላለሁ?» አልኩት። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት፣ ጥፋቴን በጽሑፍ አድርጌ ሰጠሁት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ይገባኝ ነበር።

ከማስጠንቀቂያው ይልቅ የከበደኝ የኔታ ቤት መሄዱ ነው። ጓሳ ሣር በለበሰችው ቤታቸው፣ ክንዳቸውን በጨርቅ አንግተው፣ ከተማሪዎቻቸው መሃል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተማሪዎቹን አስወጧቸው። መሬት ላይ ተንበርክኬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የስልኩን፣ የልጄን፣ የሥዕሉን።

የተሰበረውን ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ደገፍ አደረጉት። ከዚያ «ልጅሽ የምትማረው ምንድን ነው?» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። «ገና አልተመደበችም የኔታ።»

«ስሚ እንግዲህ» አሉኝ። «ዜማ ሳስተምር ከደጅ ሌላ ዜማ ከተሰማ ተማሪው ይስታል። ተማሪውን አልገርፈውም። ወጥቼ ደጁን ጸጥ አሰኛለሁ። አንቺም ተነሺ። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ይፍታሽ። ግን እዚህ ተንበርክከሽ አትቅሪ፤ ሂጂና ደጅሽን ጸጥ አሰኚ።»

በማግስቱ ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሚስማር መታሁ። ከበግ ጠጉር የተሠራች ትንሽ ከረጢት ሰፍቼ፣ ስልኬን ከትቼ ሰቀልኩት። ካርድ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው አቶ ማሞ ቀልደኛ ነበር፤ «አስካለ ስልኳን ሰቀለችው፤ ምን በድሏት ይሆን?» እያለ ለመጣው ሁሉ ያወራል። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ከእኔ ጋር መድኃኒት የምታድለው ብርቱካን እንኳ ስልኳን ከኪሷ አላወጣችም። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ክርክር ታውቃለች። «እትዬ፣ የመድኃኒቱን መጠን የማጣራው በስልኬ ነው። የምደምረውም በስልኬ ነው። እርስዎ የሚያወጡት ሕግ እኔን ያሳውረኛል» አለችኝ። ልክ ነበረች።

ሲሳይ ግን የእኔን ሚስማር አይቶ ሌላ ነገር አሰበ። አንድ ጠዋት ስብሰባ ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሠራተኛ ስልክ ይዞ ወደ ግቢ አይገባም» አለ። ስልኮቹ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፋሉ፤ የሚከፈተው ወደ ቤት ሲኬድ ነው። የእሱ ግን አይቆለፍም፤ ኃላፊ ስለሆነ ከወረዳ ይደወልለታል። ሁሉም እኔን አየኝ። የእኔ ሥራ መሰላቸው።

ሕጉ የቆየው ሁለት ሳምንት ነው። የብርቱካን ሕፃን ትኩሳት ያዘው፤ ሞግዚቷ ከጠዋት ጀምራ ደወለች፣ ደወለች፤ ስልኩ ቁምሳጥን ውስጥ ይጮሃል። ብርቱካን የሰማችው ማምሻውን ነው። ሕፃኑ ደህና ሆነ፤ እሷ ግን በማግስቱ መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ ዓይኗ አባብጦ፣ «እትዬ፣ ይህ ሕግ እኛን ሰው አላለንም» አለችኝ። በዚያው ቀን ሠራተኛው ተሰብስቦ ቁምሳጥኑን አስከፈተ። ስልኮቹ ወጡ፤ ከድሮው በበለጠ ጮኹ። እኔ አንዲት ሚስማሬን ይዤ ቀረሁ።

ያን ዕለት ብርቱካንን ምሳ ጋበዝኳት። በሶ በጥብጬ፣ መድኃኒት ክፍሉ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ቁጭ አልንና «ተሸንፌያለሁ፤ አሁን አንቺ ንገሪኝ» አልኳት። «አንቺ የምትታዘዥው ሕግ እንዴት ያለ ነው?»

ጠጥታ ስታበቃ «ልጄ ቢታመም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ልስማ» አለች። «ሌላው ሁሉ ይጠብቀኛል።»

ሁሉም ነገር የተፈታው ከዚህች ቃል ነው። ስልክ የሚከለከለው ለሰው አይደለም፤ ለሥራው ነው ብለን ተስማማን። መድኃኒት የሚቆጠርበት፣ መርፌ የሚወጋበትና እናት የምታምጥበት ክፍል ውስጥ የማንም የግል ስልክ አይገባም። ከክፍሉ የወጣ ሰው ስልኩን ያነሳል፣ የፈለገውን ያወራል፤ ማንም አያፍጥበትም። ቤተሰቦቻችን ሁሉ የካርድ ክፍሉን ስልክ ቁጥር ያዙ። የሚያነሳው አቶ ማሞ ነው፤ የታመመ ሰው ካለ ሮጦ መጥቶ በሩን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ ሰርግ ወይም ወሬ ከሆነ ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል። የመድኃኒት መጠን ለማጣራት ደግሞ ብርቱካን አሮጌ ስልኳን ሲም ካርዱን አውጥታ ለክፍሉ ሰጠች፤ መጽሐፍ ሆነ እንጂ ስልክ አይደለም። አቶ ማሞ፣ ያ ሲቀልድብኝ የነበረው ሰው፣ ሹመት ያገኘ ያህል ደስ አለው። ሚስማር በሚስማር ላይ መታ፤ በየሚስማሩ ሥር የሠራተኛውን ስም ጻፈ።

የሲሳይ ሚስማር ብቻ ባዶዋን ቀረች። «የኃላፊ ስልክ አይሰቀልም» አለ። ኃላፊ ነው፤ ማን ያስገድደዋል?

የገበያ ቀን ነበር። ሰልፉ ከግቢው በር አልፎ መንገድ ወጥቷል። ከጓሳ ተራራ ማዶ፣ በፈረስ ጀርባ አድራ የመጣች እናት የስምንት ወር ሕፃኗን አዝላ፣ ማዘዣ ለብርቱካን ሰጠች። ሕፃኑ ትኩሳት ሳይኖረው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ነበረበት፤ ሲሳይ መርምሮት መድኃኒት ጽፎለታል። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። ብርቱካን እንደ ደንቡ ድምፅዋን አውጥታ አነበበች፦ «አራት ክኒን፣ ማታ ማታ።»

ቆመች። እንደገና አነበበች። «አራት ክኒን።» ዞር ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ ለስምንት ወር ሕፃን?»

ወረቀቱን አየሁት። ቁጥሯ አራት ናት፤ አታጠራጥርም። አራቱን ክኒን ያ ሕፃን ቢውጥ ተኝቶ አይነሳም ነበር። ልሄድ ስነሳ ብርቱካን ቀደመችኝ። ማዘዣውን ይዛ ወደ ሲሳይ ክፍል ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።

ሲሳይ ስልክ ያወራል። ታማሚ ፊቱ ተቀምጧል፤ እሱ በአንድ እጁ ይጽፋል፣ በአንዱ ስልክ ይዟል። ብርቱካንን ሲያይ ቆዪ ብሎ እጁን አነሳ። አልቆየችም፤ ማዘዣውን ዓይኑ ሥር አስቀመጠችው።

«ይህን ይዩልኝ።»

ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ «የጻፍኩትን ስጪ» አላት።

«አልሰጥም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሰጥም። ያባሩኝ። ይህን መድኃኒት ለዚያ ሕፃን በእጄ አልሰጥም።»

ቀና ብሎ አያት፤ እኔንም አየኝ። ከዚያ ወረቀቱን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ እንዴት እንደጠፋ አሁንም ይታየኛል። ሊጽፍ የፈለገው ሩብ ነበር፤ ከአንድ ክኒን ሩቡን። እጁ ሩብን በቁጥር ሲጽፍ ከአራት በላይ ያለችውን አንድና ጭረቷን ትቶ አራትን ብቻ ጻፈ፤ ጆሮው ሌላ ቦታ ነበር። ስልኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከውስጡ «ሃሎ? ሃሎ፣ ሲሳይ?» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ማዘዣውን ቀደደ፣ ሌላ ጻፈ፣ ድምፅ አውጥቶ አነበበልን። ቀጥሎ ያደረገውን ግን አልጠበቅኩም። ተነስቶ ወደ ሰልፉ ሄደና ከዚያች እናት ፊት ቁጢጥ ብሎ «እኅቴ፣ ተሳስቼ ጽፌልሽ ነበር፤ ይህች ልጅ ናት ልጅሽን ያተረፈችው» አላት። እናትየዋ ብርቱካንን አየቻት፤ ከዚያ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል ብርቱካን ደንግጣ ሸሸች። ሰልፉ እልል አለ። እኔ እልልታውን ስሰማ ሌላ እልልታ ትዝ አለኝ፤ ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አላመመኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሲሳይ ካርድ ክፍል ገባ፤ ስልኩን ባዶዋ ሚስማር ላይ ሰቀለው። አቶ ማሞ ብዕሩን አንስቶ «የወረዳ ስልክ ከመጣ ልሩጥ ወይስ ልጻፈው?» አለው።

«ጻፈው» አለ ሲሳይ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ወንዝ ነው የሄደው። ሲሳይ ራሱ ወረዳ ስብሰባ ላይ ቆሞ ጥፋቱን ተናገረ፤ ማዘዣውን ሳይቀር አሳየ። የሌሎች ጤና ጣቢያ ሰዎች ሚስማሮቻችንን ለማየት መጡ። ያ ሕፃን በዓመቱ በእግሩ ሮጦ መጥቶ የመድኃኒት መስኮቱን በመዳፉ ደበደበው። የኔታም በየወሩ ክኒናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ «ይድገሙልኝ» ስላቸው በዜማ ይደግሙልኝ ጀመር። «አንድ ክኒ-ን፣ በቀን አን-ዴ፣ ከምግብ ጋ-ር» እያሉ ሲያወርዱት ሰልፉ በሳቅ ይሞታል። ያን ዜማ የሰማ ሰው ሁሉ መድገም ምን እንደሆነ ሳልነግረው አወቀ።

ጡረታዬ ሲቃረብ ወደ መርሐቤቴ ሄጄ ባለሙያዎችን እንዳስተምር ታዘዝኩ። ወጣት ናቸው፤ ክንዳቸውን አጣጥፈው ነው የጠበቁኝ። አንዱ «እማማ፣ እኛ እያወራን መሥራት እንችላለን፤ ዘመኑ ነው» አለኝ። ልክ ነህ፣ ና እንይ አልኩት። ዘጠና ክኒን እንዲቆጥርልኝ ሳህኑን ሰጠሁት። ዝም ብሎ ቆጠረ፤ ዘጠና ሆነ። ቀጥሎ ለጓደኛው ደውሎ እያወራ ደግሞ እንዲቆጥር አደረግሁ። ሲጨርስ በኩራት «ዘጠና!» አለ። ቆጥራችሁ ንገሩኝ አልኳቸው። ሰማንያ ሰባት ነበር። አላመነም፤ እያወራ ደገመው። ዘጠና ሦስት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳይስቅ «ትናንት የሰጠኋቸው ስንት ነበሩ ይሆን?» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስተማር አላስፈለገኝም።

ቁልፉን ያስረከብኩት ለብርቱካን ነው። ጥቂት ቆይታ ኃላፊ ሆና ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛወረች፤ ሲሳይም ለትምህርት ሄደ። እኔ ገብስ በሚዘራው ወንድሜ ግቢ ጥግ ትንሽ ቤት ሠርቼ ተቀመጥኩ። እግሬም ወደ ጤና ጣቢያው አይሄድም ነበር፤ ጡረተኛ በሥራ ቦታ ሲመላለስ ደስ አይልም።

ባለፈው ወር ግን ሰው ልኬ የማስመጣው የደም ግፊት መድኃኒቴ አለቀና ራሴ ሄድኩ። ሐኪሙ አዲስ ነው፤ አላወቀኝም። ክንዴን ለክቶ የሆነ ነገር ነገረኝ፤ በዚያው ቅጽበት ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እሺ እሺ ብዬ ወጣሁ። መድኃኒት መስኮቱ ላይ ያለችውም ልጅ አዲስ ናት። ማዘዣዬን ተቀብላ፣ ድምፅ አውጥታ አንብባ፣ ሳህኗን ሳብ አደረገች። ስልኬ ጮኸ። እኅቴ ናት፤ የልጇ ሰርግ ደርሷል። አነሳሁት።

ልጅቷ ቢላዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ ስልኩ ይቆየን።»

«አንዴ ብቻ ነው የኔ ልጅ።»

«ክኒኑም የሚቆጠረው አንዴ ነው» አለችኝ፤ የቆጠረችውን ወደ ቆርቆሮው ገለበጠችው።

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ፤ በእሷ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ። ስልኬን ዘጋሁት። ከአንድ ጀምራ ቆጥራ፣ አሽጋ፣ በመስኮቱ ዘረጋችልኝና «ይድገሙልኝ» አለች።

«አውቀዋለሁ እኮ» አልኳት። «ዓመት ሙሉ የወሰድኩት ነው።»

«ማወቅዎን አይደለም። ይድገሙልኝ።»

«ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን።»

ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም እማማ። ግፊትዎ ወርዷል፤ ሐኪሙ ቀንሶታል። ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ ነው። ሙሉውን ቢውጡ አዙሮ ይጥልዎታል። እንደገና ይድገሙልኝ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ክኒን የቆጠርኩ ሴትዮ እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ ቆሜ «ጠዋት ጠዋት ግማሽ» አልኩ። አንዴ አልበቃትም፤ ሁለቴ አስባለችኝ።

«ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?» አልኳት።

«የቤቱ ሕግ ነው» አለችኝ፣ የሚቀጥለውን ማዘዣ እየተቀበለች። «ስመጣ አገኘሁት። የሚቀጥለው!»

ማን እንዳወጣው አልነገርኳትም። ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቅቄ ወጣሁ፤ ግቢው በር ላይ ስደርስ እየሳቅኩ ለእኅቴ መልሼ ደወልኩላት።